ከጋሽ ደምሴ እጅ የወጣው ካራ

የእህቴ ልጅ ሜሮን ባለፈው እሑድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ አስበዋል፤ ለዚያ የሚሆን ቢላዋ እየመረጠች ነው። ስልኩ ላይ የሌለ ዓይነት የለም፤ ጥርስ ያለው፣ ጥቁር የተቀባ፣ እጀታው ላይ ኮምፓስ የተቀበረበት ሁሉ አለ።

"አክስቴ፣ የቱ ይሻላል?"

"ቢላዋ በፎቶ አይመረጥም" አልኳት።

ሳቀች። ጉልበቷን እያሸች የምትውል ሴትዮ ስለ ጫካ ቢላዋ ምን ታውቃለች ብላ ይሆናል። እኔ ግን እሷን እያየሁ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። የከሰል ሽታ ሸተተኝ፤ የጥር ፀሐይ ዳገቱ ላይ ሲወጣ ታየኝ።

ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ተማሪ ሁሉ ወደ ገጠር ይዝመት ተብሎ ታውጆ፣ ጉለሌ በወሬ ትታመስ ነበር። አንዱ የምታድሩት ድንኳን ውስጥ ነው ይላል፤ ሌላው እንጨት ፈልጣችሁ ራሳችሁ ነው የምታበስሉት ይላል። የክፍላችን ወንዶች በየኪሳቸው ሰንጢ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ሲጫኗት ጧ ብላ የምትከፈት፣ እጀታዋ ቀይ የሆነች ሰንጢ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። አንድ ሳምንት ሙሉ አባቴን ጨቀጨቅሁት።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ግማሽ ዕድሜውን በየጫካው ዳር ያደረ ሰው ስለሆነ በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አያውቅም።

"ሰንጢ የዱርዬ ዕቃ ነው" አለኝ። "የሚታጠፍ ነገር አንድ ቀን ጣትሽ ላይ ይታጠፋል። ጫካ የሚገባ ሰው የሚይዘው ወጥ ካራ ነው።" ከጓሮ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ አምጥቶ እግሬ ሥር ጣለው። "ይኼን ለደምሴ ላኪለት። ከዚህ የተሻለ ብረት የለም።"

ጋሽ ደምሴ ከሰፈራችን ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጃቸው ጥሩነሽ ደግሞ ጓደኛዬ ናት። ጓደኛ የሚለው ቃል ያንሳታል። ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እስከ ድልድዩ ትሸኘኛለች፤ ከዚያ እኔ እስከ ዳገቱ እሸኛታለሁ፤ ደግሞ እሷ ትመልሰኛለች። ወሬያችን አያልቅም፣ መሸኛኘታችንም አያልቅም። ለዘመቻውም አንድ ጣቢያ እንድንመደብ ተማክረን አብረን ነበር የተመዘገብነው። ያለ እሷ መሄድን አስቤው አላውቅም።

ግን በስድስቱ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቤቷ ገብቼ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ መጥረቢያውንም ቢላዋውንም የሚያሠራው ከጋሽ ደምሴ ነው፤ ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ማን ሲበላ አያችሁ ቢባል መልስ ያለው የለም። ጥሩነሽ ይህን ታውቅ ነበር፤ እንደምታውቅም አውቅ ነበር፤ ግን አንስተነው አናውቅም።

ባሌስትራውን እሷ ወሰደችልኝ። በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ካራውን ላመጣ ስነሳ እናቴ በር ላይ ያዘችኝ።

"ውሃም ቢሆን እንዳትቀምሺ።"

"እሺ" አልኩ።

መንገዱ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግሬ ሥር ሲደቅቅ ሽታው ይወጣል፤ ከላይ ከዳገቱ የመዶሻው ድምፅ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ በፊት ያን ድምፅ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ ሰምቼው አላውቅም። ስደርስ ጋሽ ደምሴ ብረቱን ትተው ተነሡልኝ። እኔን ለምታህል ልጅ! ጥሩነሽ ወናፉን ለቅቃ እየሳቀች መጣች።

"ከአባትሽ ብረት ሦስት ካራ ወጣ" አሉ፤ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ደርድረዋቸዋል። "አንዱን ምረጪ።"

እኔ የሚያብረቀርቀውን አነሣሁ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በዓይንሽ አትምረጪ፣ ልጄ። ብልጭታ ሁለት ቀን ነው። ስለትም ቢሆን ሞረድ ያመጣዋል።" ካራውን ተቀብለው በጥፍራቸው ጠቅ አደረጉት፤ ድምፁ ጠርቶ ወጣ። "እንዲህ ካልጮኸ ውስጡ ስንጥቅ አለበት። ጀርባውን እይ፤ ወፈር ማለት አለበት፣ በዱላ መተሽው እንጨት ትሰነጥቂበታለሽ። ብረቱ ደግሞ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ መግባት አለበት። ግማሽ ላይ ከቀረ አንድ ቀን እጀታው እጅሽ ላይ ይቀራል። ርዝመቱ ከመዳፍሽ ብዙ አይብለጥ። ትልቅ ካራ የሚይዝ ፈሪ ነው።"

"አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ።

ጨፈንኩ። አንድ በአንድ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የመጀመሪያው ከበደኝ። ሁለተኛው አውራ ጣቴን ቆረቆረኝ። ሦስተኛው፣ የወይራ እጀታ ያለው፣ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ተኛ፤ ስለቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳላይ አወቅሁት። እንደጨፈንኩ ብዙ የቆየሁ ይመስለኛል። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነበር፤ ፍሙ ይንጣጣ ነበር፤ ጥሩነሽ አጠገቤ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተመቸኝ ጊዜ ብዙ አይደለም።

"ይኼ ነው" አልኩ።

"እሱ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ደስ አላቸው።

ዓይኔን ስገልጥ የጥሩነሽ እናት፣ እትዬ በለጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቴ ቆመዋል። በሰፌድ ትኩስ ቆሎ ይዘዋል፤ ገብሱ ከሽንብራው፣ ሽንብራው ከሱፉ ጋር ተቀላቅሎ። እንደምመጣ ሰምተው ለእኔ ብለው የቆሉት ነው። ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ አፌ ምራቅ ሞላ።

"እንኪ ልጄ፣ ዝገኚ።"

እጄን ልዘረጋ ነበር። እውነቴን ነው። ግን የእናቴ ድምፅ ቀድሞኝ ደረሰ።

"ጾም ነኝ" አልኩ።

ማክሰኞ ነው! ገና አልፏል፣ ጥምቀት አልፏል፣ በአገሩ ጾም የለም። ቢኖርስ ቆሎ የጾም ምግብ አይደለም ወይ? መዋሸት እንኳ አላወቅሁበትም። እትዬ በለጡ ሰፌዱን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው ቀስ ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ጋሽ ደምሴ ካራዬን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ሰጡኝ።

ጥሩነሽ እንደ ልማዷ እስከ ድልድዩ ትሸኘኛለች ብዬ ነበር። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ከእሳታችን የወጣውን ብረት ትወስጃለሽ፤ ከዚያው እሳት የወጣውን ቆሎ ትፈሪያለሽ" አለች። አልጮኸችም። እንባም አልነበራትም።

"ጥሩዬ፣ እናቴ እኮ..."

"እናትሽ እዚህ የለችም።"

ለዘመቻ ስንሳፈር እኔ የተመደብኩበት አውቶቡስ ላይ ፈለግኋት። ጣቢያዋን አስለውጣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መሄዷን የነገሩኝ የክፍል ልጆች ናቸው።

ካራው እንደተባለለት ነበር። እንጨት ፈለጥንበት፣ የድንኳን ካስማ ጠረብንበት፣ ሥጋና ጎመን ከተፍንበት። እሱ የከተፈውን የጣቢያው ልጅ ሁሉ በላ፤ አንድም ሰው ሆዱን እንኳ አልቆረጠውም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሣ የወይራውን እጀታ ይዤ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ያ ግቢ ይመጣልኛል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰፌዱ ይመጣልኝና ዓይኔን እገልጣለሁ። ለጥሩነሽ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ስመለስ ጋሽ ደምሴ ሞተው ጠበቁኝ።

ሜሮን እስከ መጨረሻው ስልኳን ሳትነካ አዳመጠችኝ።

"እና ጥሩነሽ የት ነች?"

"ሸጎሌ ነው የምትኖረው። ልጆች ድራለች።"

"ትገናኛላችሁ?"

እንገናኛለን። በታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንገናኛለን፤ ደጇ ላይ ቆመንም እናውቃለን። ጤንነቴን ትጠይቀኛለች፣ ጤንነቷን እጠይቃታለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንባባላለን። ሰው ጓደኛውን በጠብ ያጣል፤ እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ በትሕትና ነው ያጣኋት። ስለ እናቴም፣ ስለ ዘመኑም ብዙ ማመካኛ አለኝ፤ ሁሉንም ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፣ አላሳመነኝም። በዚህ አገር ሰው ማዕድ ላይ ሆኖ የማያውቀው መንገደኛ ቢያልፍ እንኳ "እንብላ" ይላል። ጥሩነሽ ይኸው ስንት ዓመት፣ ደጇ ላይ ቆመን ስናወራ፣ አንድ ቀን "ግቢ" ብላኝ አታውቅም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልልም።