በጊቤ ቁልቁለት የተሸጎጠው ምሳ ዕቃ

ጴጥሮስ ዕድሜውን የፈጀው በከባድ መኪና ነው። ተሳቢ እየጎተተ ጅቡቲ ወርዷል፣ ጅማ ወጥቷል፤ ልጁ ኑኃሚን አፍ የፈታችው እሱ መንገድ ላይ እያለ ነው። ስኳር በሽታ ዓይኑን ሲነካበት ሐኪሙ «ካሁን በኋላ ተሳፋሪ ነህ» አለው፤ መንጃ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጌጃ ሰፈር፣ ሚስቱ ጠጅቱ ከምትነግድባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ መዋል ሆነ ሥራው።

መቀመጥ ግን አልሆነለትም። በርጩማው ላይ አረፍ ይልና ይነሳል። እስከ ልደታ ማርያም ደርሶ ይመለሳል፤ ፍርድ ቤቱ ጋ ባለጉዳይ ሲተራመስ ቆሞ ያያል፤ ሱቅ ገብቶ የዘይት ጀሪካኑን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ።

«ኧረ ጴጥሮስ፣ በማርያም! ወይ ግባ ወይ ውጣ» አለችው ጠጅቱ አንድ ቀን። «እንዲህ ስትንቆራጠጥ እያየ ደንበኛው ሁሉ ሸሸኝ።»

«የት ልሂድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድሮስ ነግረኸኝ ሄደህ ታውቃለህ?»

መላ የፈጠረችለት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኑኃሚን ናት። ስልኩ ላይ አንድ ጨዋታ ጫነችለት። ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ሰው ማንም ሊደርስበት በሚችል የሕዝብ መሬት ላይ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን ካርታ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እንደነበረ ይመልሰዋል። በቃ፣ ሽልማት የለውም።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አላት።

«ያስኬዳል፣ አባዬ።»

ይህች ቃል በቃችው።

የት እንደሚደብቅ ብዙ አላሰበም። ሹፌር መንገድን የሚያስታውሰው በወደቁ መኪኖች ነው፤ የተገለበጠው አውቶቡስ ጋ ማርሽ ቀንስ፣ የተቃጠለው ቦቴ ጋ ጠባብ ድልድይ አለ እያለ። ባለቤት የተዋቸው፣ የሚረባ ዕቃቸው ተፈቶ ያለቀ፣ ዝገትና ሣር የወረሳቸው ቅሪቶች በየመንገዱ ዳር ተኝተዋል። ጴጥሮስ ክዳናቸው ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ምሳ ዕቃዎች ገዛ፤ በየአንዳንዱ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የቁልፍ መያዣ እየከተተ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ይወጣ ጀመር። ቁልቁለት ላይ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ምን ሆነሃል፣ ወንድሜ?» ሳይለው አይደርስም።

ኑኃሚን አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃዋለች፤ «የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቅ እንዳታስቀምጥ፣ ያልታወቀ ዕቃ ሸጉጦ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለህ» እያለች። እሱም በመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ቀበሌ ገብቶ፣ ሽማግሌ አናግሮ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሳይቶ ነው ያስቀመጠው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ፣ ገደል ውስጥ የተኛው ተሳቢ ጋ ሲደርስ ግን ችኮላ ያዘው። የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠው ፈራ፤ በአቅራቢያውም ሰው አላየ። ምሳ ዕቃውን በተጨራመተው ጋቢና ወንበር ሥር ሸጎጠና ወጣ።

ከሁሉ የተወደደው ያ ሆነ። ወጣቶች ከአዲስ አበባ ድረስ እየሄዱ፣ ጋቢናው ላይ ቆመው ፎቶ እየተነሱ ለጠፉት። ጴጥሮስም ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ፊቱ ይፈካ ነበር። አንድ ቀን ሃኒ ከምትባል ተጫዋች እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰው፦ «ጋሼ፣ ዕቃው የለም። አንዲት እናት ድንጋይ ይዘው አባረሩን። ልጄ የሞተበት ነው አሉን።»

ያን ሌሊት አልተኛም። ሲነጋ ጫማውን ሲያስር ጠጅቱ አየችው።

«ዕቃው ከጠፋ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?»

«እንጃ። እዚህ መቀመጥ ግን አልችልም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችና ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው።

እያጠያየቀ ያገኘው የሴትየዋ ቤት ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ከግራር ዛፎች ጀርባ ነበር። ለዚህ ነው ያን ቀን ያላየው። አዴ ፋዮ ይባላሉ። ጴጥሮስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እናቴ፣ ያንን ዕቃ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አዴ ፋዮ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ? ሽበት አብቅለህ? እኔ ደግሞ የልጅ ሥራ ነው ብዬ ነበር።»

«ሳልጠይቅ ነው ያስቀመጥኩት። ሰው የሞተበት መሆኑን አላወቅኩም። ለማወቅም አልሞከርኩም።»

«ልጄ ኦልጅራ ነበር የሚነዳው» አሉ። «ብረቱ እዚያው ቀረ። እኔም አንሱልኝ አላልኩም፤ አላፊ አግዳሚው አይቶ ነፍስ ይማር ካለልኝ ብዬ። እነዚህ ግን ላዩ ላይ ወጥተው ይስቃሉ።»

«እኔም ሹፌር ነበርኩ» አለ ጴጥሮስ፣ ለምን እንዳለው ሳያውቅ።

አዴ ፋዮ መደቡን አሳዩት። ተቀመጠ።

«ሹፌር ከሆንክ እስቲ ንገረኝ። ፍሬን እምቢ ሲል ሰው ምን ይሆናል? ሁሉም አልተሰቃየም፣ አልፈራም ይሉኛል። እነሱ በምን አወቁ?»

ጴጥሮስ ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ታርማበር ላይ ፍሬን ከድቶት፣ መኪናውን ከዳገቱ አፈር ጋር አላትሞ ነው የተረፈው። ለጠጅቱ «ጎማ ፈንድቶ ነው» ብሏት ነበር። ለመነሳት ቃጣ፤ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገራቸው።

«እኔ ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም። እግሬ ፍሬኑን ይደበድባል፣ እጄ ማርሽ ይፈልጋል፣ ዓይኔ የት ላስጠጋው እያለ ይቃብዛል። ክላክሱን አልለቅም፣ ከፊቴ ያለው ሰው እንዲሸሽ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እናቴ። መንቀጥቀጥ የጀመርኩት ከቆምኩ በኋላ ነው። የኦልጅራን አላውቅም። የእኔ ግን እንደዚያ ነበር።»

አዴ ፋዮ ወደ መንገዱ ዞረው አዩ።

«ኦልጅራ በዚህ ሲያልፍ ሁልጊዜ ክላክስ ያሰማኛል፤ ሰላምታው ነው» አሉ በኋላ። «የዚያን ቀን ከላይ ጀምሮ ሳያቋርጥ ጮኸ። ምን ቢደሰት ነው ብዬ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩለት። ሽሹ ማለቱ ኖሯል?»

«ይመስለኛል፣ እናቴ። ያን ቀን መንገዱ ላይ ሰው ነበር?»

«ገበያ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ዳር ሸሽቶ ነው የተረፈው።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጴጥሮስ አብሯቸው ተቀመጠ። ሲሄድ ምሳ ዕቃውን ከጓዳ አውጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። «ካንተ ጋር ነገር የለኝም» አሉት። «እዚያ ግን አይመለስ።»

ማታውኑ ቦታውን ከካርታው ላይ አጠፋ። ከዚያ የታርማበሩን ነገር ለጠጅቱ ነገራት።

«ጎማ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን!» አለችና ተነስታ መደርደሪያውን መወልወል ጀመረች። ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን «ሌላስ ምን የደበቅከኝ አለ?» ስትለው ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ያየ መሰለው።

መዞሩን አልተወም። አሁን ግን ቅሪቱን ከማየቱ በፊት ሰው ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ከቱሉ ቦሎ ወዲያ የተገለበጠ አይሱዙ ጋ ደርሶ፣ ገረሱ የሚባሉ ገበሬ አግኝቶ «እዚህ የሞተ ሰው አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

«የሞተ?» ገረሱ ሳቁ። «ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ እኛ ቤት አደረ፤ እኅቴን አግብቶ ይኸው እዚሁ አለ። ና፣ ራሱን ጠይቀው!»

ሹፌሩ ስለ አይሱዙው ሞተር ማውራት ከጀመረ የሚያቆም ሰው አልነበረም። ጴጥሮስ ሹፌሩ ቤት ተቀምጦ፣ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር እየተወዛወዘ፣ ዓይኑም በበሩ በኩል ወደ መንገዱ እየሄደ።