በቆሎው ውስጥ የገባው ጂን

አንድ የግብርና ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ባኮ አጠገብ ገበሬዎችን ሲያስተምር አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የአምቦ አስተማሪ ነኝ፤ በአማርኛውም በኦሮምኛውም ከእኔ በላይ ላሳር የምል ሰው ነበርኩ።

ባለሙያው ቢጫ በቆሎ ከፍ አድርጎ፣ «ለልጆቻችሁ ዓይን የሚበጅ ቫይታሚን እንዲኖረው፣ ወደፊት ከሌላ ተክል ጂን አውጥተን እንዲህ ያለ በቆሎ ውስጥ እናስገባለን» አለ። ጂንን በኦሮምኛ ምን እንደምለው ጠፋኝ። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ለእኔ ሞት ነው። «ጂኒ» ብዬ አለፍኩት።

ከገበሬዎቹ መካከል የጸሎት ቤት መሪው ኦቦ ቶለሳ ብድግ አሉና በኦሮምኛ፣ «መምህር፣ እኛ ከሰው ስናስወጣ የምንውለውን ጂኒ ይሄ ሰውዬ እህል ውስጥ ይከታል?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ በቆሎውን ከባለሙያው እጅ ተቀብለው፣ በዚያው በኦሮምኛ «አንተ ጂኒ፣ ውጣ!» እያሉ ይገስጹት ጀመር። ሕዝቡም «አሜን!» ይላል።

በላብ ተጠመቅሁ። ባለሙያውን በፍርሃት ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ኦሮምኛ አይሰማም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን!» ይላል። ጸሎቱ ሲያበቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ጎበዝ አስተርጓሚ ነህ! ትምህርቱ እንዴት ቢገባቸው ነው ጂንን በጸሎታቸው እንኳ ያልረሱት?»