ቱምቢ ይዘን ወደ ጉና

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር የተነሣነው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔና መምህር ግዛቸው። ሁለታችንም በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት እናስተምራለን። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሱ ገና ስምንት ወሩ። የምንሄደው ትርንጎ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ሯጭ ተማሪያችንን ለማየት ነው። ጉልበቷን ታማ ጉና ተራራ ላይ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ጎንደር ላይ የሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ውድድር ደግሞ ወር አልቀረውም። ትምህርት ቤቱ የሚልከው አንድ ሯጭና አንድ አሠልጣኝ ብቻ ነው። ዳይሬክተራችን፣ "ሁለታችሁም ሂዱና እዩዋት፤ የሕመሟን ምክንያት ያገኘ ጎንደር አብሯት ይሄዳል" አለን።

ትርንጎን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያሠለጠንኋትም እኔ ነኝ። ውሳኔው እንደ ስድብ ነበር የተሰማኝ።

እውነቱን ልናገር፣ በግዛቸው እቀና ነበር። መንግሥት ወደ ውጭ ልኮት ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ አንድ ሰማያዊ ቱታና አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዞ መጣ። መጽሐፉ ሰው ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲወረውር ኃይሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ያስረዳል። ለዚያ ዕድል እኔም አመልክቼ ነበር፤ አልደረሰኝም። አሁን በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ እሱን ይከቡታል። እኔን የሚፈልጉኝ የኳስ መጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ስላለ ነው።

በአንድ ብር ከሃምሳ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጫንን። ቻይኖች በሠሩት ጠጠር መንገድ፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን አቧራ እየጠጣን ሄድን። ኬላው ላይ የቀበሌ ይለፍ ወረቀታችንን አሳየን። ጠባቂው የግዛቸውን ቦርሳ ሲፈትሽ፣ በክር የታሰረች ሹል ብረት አገኘ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ቱምቢ ናት።"

"ግንበኛ ነህ?"

"የስፖርት መምህር ነኝ።"

ጠባቂው ሣቀና፣ "ግድግዳ አታስጎንብስ እንግዲህ፣ ጓድ" ብሎ መለሰለት። የኔን ወረቀት ግን ገልብጦ ገልብጦ አየው። በዚህም ቀናሁ።

ከገሳይ ሽቅብ

ገሳይ ከተማ ከመኪናው ወርደን ሻይ በዳቦ ቀማመስንና በእግራችን ሽቅብ ጀመርን። ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የገብስ ማሳው እያነሰ፣ የድንቹ እየበዛ፣ ብርዱም እየጠና መጣ። ግዛቸው ሳያለከልክ ያወራል።

"ስንረግጥ መሬትን እንገፋታለን፤ እሷም በዚያው ልክ መልሳ ትገፋናለች። እግር ከሰውነት በጣም ቀድሞ ካረፈ ግን ግፊቷ ወደ ኋላ ይሆናል። ፍሬን እንደ መያዝ ነው። ያን ሁሉ የሚቀበለው ደግሞ ጉልበት ነው።"

"ታዲያ ትርንጎ ፍሬን ትይዛለች ነው የምትለኝ?"

"ሳላይ ምን አውቃለሁ?"

ትርንጎን በየቀኑ ሜዳው ዳር ቆሜ፣ "እርምጃሽን አርዝሚ! አርዝሚ!" የምላት እኔ ነኝ። ረጅም የሚራመድ ያሸንፋል ብዬ አምን ነበር። ሰውየው እንዲሳሳት በልቤ ተመኘሁ።

የትርንጎ አባት ቄስ አለልኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ከቁመታቸው ቅጥነታቸው፣ ከቅጥነታቸው ትሕትናቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬ ቀረበልን። ከበላን በኋላ ግዛቸው አውድማው ላይ አመድ አስበተነና ትርንጎን ከዳር እስከ ዳር አስሮጣት። እኔም እንደ ልማዴ ዳር ላይ ቆምኩ። ተረከዟ አመዱን ቆፍሮት ነበር። ቀጥሎ በመጨረሻው ዱካዋ ላይ፣ እግሯ መሬት በነካበት አኳኋን እንድትቆም አደረጋትና ቱምቢውን ከመቀነቷ ላይ ለቀቀው። ብረቷ ከተረከዟ ከስንዝር በላይ ወደ ኋላ ወደቀች።

"የሰውነቷ ክብደት ያለው እዚህ ነው" አለ ግዛቸው። "ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱ ያለ ነው። ይኼ ግን በዛ።"

"ነፋስ ነው የገፋው" አልኩ።

ቄስ አለልኝ መጡና፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በነፋሱ በኩል ቆሙ። ቱምቢው ደግሞ ተለቀቀ። እዚያው ወደቀ።

"ማን ነው እንዲህ መሮጥ ያስለመደሽ?" አለ ግዛቸው።

ትርንጎ አቀረቀረች። "ማንም። ልማዴ ነው" አለች።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

እሑድ፣ ቁልቁለቱ

ከቅዳሴ በኋላ ትርንጎን ይዘን ወረድን፤ ቄስ አለልኝም እስከ ገሳይ ሊሸኙን አብረውን መጡ። ግዛቸውና ትርንጎ ከፊት ናቸው። እሱ እየረገጠ ያሳያታል፣ እሷ እየሣቀች ትከተለዋለች። ከኔ ጋር ስትሠለጥን ሣቃ አታውቅም። እነሱን አያለሁ ብዬ እየተንደረደርኩ ስወርድ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር።

"መምህር" አሉኝ ቄስ አለልኝ፣ "እግርዎን አያስቀድሙት። አጠር አጠር ያርጉት። ቁልቁለት ላይ እግር ከሰውየው ከቀደመ፣ የሚቀጣው ጉልበት ነው።"

እልኸኛ ነኝና ጥቂት መንገድ እምቢ አልኩ። ሕመሙ ሲብስብኝ እርምጃዬን አሳጠርኩ። ገሳይ ስንደርስ ሕመሙ ትቶኝ ነበር። በቱምቢው ያላመንኩትን በራሴ እግር አመንኩ፤ ግዛቸው ትክክል መሆኑም የባሰ አናደደኝ።

ደብረ ታቦር

በሁለት ሳምንት ውስጥ ትርንጎ እርምጃዋን አሳጥራና አፍጥና ያለ ሕመም መሮጥ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ጠራንና፣ "ማን አገኘው?" አለ። "ግዛቸው ነው" አልኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ቱምቢው ሲወድቅ ቄስ ጭምር አይተውታል፣ ምን ብዬ ልካድ?

የሚሄዱ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩላት። ግዛቸው ቲኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ብቻችንን ቀረን።

"ትርንጎ፣ ጉልበትሽን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። አርዝሚ እያልኩ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ግዛቸው ነገረሽ?"

"ኧረ አባቴ ነው። አምና ገና ሲጀምረኝ፣ 'እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ይተውሻል' አለኝ። ቤት ስሆን አሳጥሬ ነበር የምሮጥ።"

"አውድማው ላይስ?"

"እርስዎ ዳር ላይ ቆመው አየሁዎት።"

"ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?"

"ሳረዝም 'ጎበዝ፣ እንዲያ ነው!' ይሉኝ ነበር። ደስ ሲልዎት እያየሁ እንዴት ልንገርዎት?"

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣዋን ተቀብላኝ ገባች።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ አፈርኩ። ስቀና የነበረው በግዛቸው እውቀት ነበር፤ እውቀቱን ግን ከመጽሐፉ እኔም ላገኘው እችላለሁ። ልጅቷ ለኔ ደስታ ብላ በታመመ ጉልበት ስትሮጥ ግን፣ ሰዓት ይዤ እቆጥርላት ነበር።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ነው። ሜዳው ላይ ተሰልፈው ፊሽካዬን ይጠብቃሉ።

"ስትሮጡ የሚያማችሁ አላችሁ?" አልኳቸው።

ማንም እጁን አላነሣም። ፊሽካውን ኪሴ ከተትኩና ሣሩ ላይ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ እንዳልቆጣ ምዬ፣ ደግሜ ጠየቅሁ።

አሥራ አንድ እጅ ተነሣ።