ዘንቢል ጠባቂዎቹ

አራት ነበርን፤ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌሩ ሰይድ፣ እናቴ ፋጡማ፣ የአራት ዓመቷ እህቴ ዘሃራና አምስት ዓመት የሞላኝ እኔ። ዛሬም ዝናብ ከእንጦጦ ወርዶ ቆርቆሮ ሲመታ፣ የእርጥብ ሰሌን ሽታ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ይመጣና ኮተቤ፣ የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ይመልሰኛል።

ያኔ ስኳር በራሽን ነበር። በበጋ ሰው ዘንቢሉ ውስጥ ድንጋይ ከትቶ በሰልፉ ላይ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄድ ነበር፤ ተራ የሚይዘው ዘንቢሉ ነበር። እናቴ እንዳይሰረቅባት እኛን አጠገቡ ታቆመን ነበር። ዘሃራ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፋ እየዘፈነችለት ሰዓቱን ታሳልፍ ነበር፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ እቆም ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ «ይኼ ነው ልጅ» ይለኝ ነበር፤ ለዚያች ቃል ስል ሽንቴን እንኳ እይዝ ነበር።

ክረምት ገባና ረመዷን ደረሰ። እናቴ የአፍጥር ሻያችንን ስኳር ልትወስድ ይዛን ወጣች፤ «እስክመለስ ከዘንቢሉ ንቅንቅ እንዳትሉ» ብላን ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች። እንጦጦ በጉም ተውጦ ጠፋ፣ ቀጥሎም ዝናቡ ወረደ፣ ሰው ሁሉ ዘንቢሉን ትቶ ጣሪያ ሥር ተጠለለ።

«አንተ ልጅ፣ ዘንቢሉ እንደ ስኳር አይሟሟ፤ እህትህን ይዘህ ግባ» አሉኝ አንዲት ጎረቤት።

«እማዬ አትነቃነቁ ብላለች።»

«ዘበኛ ተቀጥሮልናል» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

«ልቀቀኝ፣ ድንጋዩ እንኳ በረደው» አለች ዘሃራ። እጇን ጭብጥ አድርጌ ያዝኳት። ጎረቤታችን ሊጎትቱን ሲመጡ ጮኼ ዘንቢሉ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ ስትመለስ ሁለታችንም በስብሰን ነበር።

ስኳሩን አገኘን። ዘሃራ ግን በትኩሳት ወደቀች፣ ቆይቶም ግራ ጆሮዋ መግል ያወጣ ጀመር።

እኔም አባት ሆንኩ። ትምህርት ቤት ባልገባም ስለ ልጅ አስተዳደግ ከመጻሕፍት የለቀምኩትን ይዤ፣ ልጆቼን ከሕፃንነታቸው ቀጥ ብሎ መቆምን አስለመድኩ፤ ራሱን የማይገዛ ልጅ ዛሬም ያሳዝነኛል። ሆኖም ከሁለታችን መጠበቅን የምታውቀው ለድንጋይ የምትዘፍነዋ እንደነበረች፣ እኔ የማውቀው ፍርሃትን እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባለፈው ክረምት የመጨረሻዋን ልጄን «እዚሁ ጠብቂኝ» ብያት ስመለስ፣ ዝናቡን ሸሽታ ቤት ገብታ አገኘኋት። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፎጣ አነሳሁና ፀጉሯን አደረቅኩላት።

ያ የስኳር ሰልፍ ቀን ዘሃራን የግራ ጆሮዋን መስማት አስከፈላት። የእናቴ የረመዷን ስኳር ለእሷ መድኃኒት ማስዋጫ ሆኖ አለቀ። አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ «ይኼ ነው ልጅ» ማለቱን ግን ተወ። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ከእህቴ ጋር ስሄድ በቀኟ በኩል ነኝ።