የአንሙት ሻጋታና የማኅበሩ ጠላ

ከደብረ ማርቆስ እስከ አምበር የምትዘሉና የምትሳቡ ሁሉ፣ ፌንጣም ሁኑ ትል፣ ዕወቁት፤ በላያችሁ ንጉሥ ተሹሟል! ዘውዱ የሹራብ ቆብ፣ በትሩ ማማሰያ፣ ግዛቱም ከአልጋ ሥር ነው። ስሙ አንሙት ይባላል።

አንሙት በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ሊማር ሄዶ ነበር፤ ቅኔው ሳይገባው ኩራቱ ገብቶት ተመለሰ። ብዙ ሥራ ጀምሮ ብዙ ሥራ ተወ። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የተባይ ምርምር ጣቢያ ገብስ ቀቃይ ሆኖ ተቀጠረ። ገብሱ የሚቀቀለው ለሰው እንዳይመስላችሁ፤ ለሻጋታ ነው። ንፍሮው ላስቲክ ውስጥ ይታሰራል፣ የሻጋታ እርሾ ይጨመርበታል፣ መጀመሪያ እንደ ጥጥ ይነጣል፣ ኋላ እንደ መስክ ይለመልማል። ያን ጊዜ ይታጠብና እጣቢው ማሳ ላይ ይረጫል። የነካውን ፌንጣ ቀስ ብሎ ከውስጥ ይጨርሰዋል።

“ሌላው በመርዝ ይገድላል፤ እኔ በንፍሮ!” ይላል አንሙት፣ ሻጋታን እሱ የፈጠራት ይመስል። እርግጥ ነው፤ ሌላው ሰው ሞቶበት ንፍሮ ይቀቅላል፣ የእኛ ጀግና ንፍሮውን አስቀድሞ ቀቅሎ ሟች ይፈልጋል።

እንዲህ ሲንጎራደድ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው ደረሰ። ጽዋው ወደ ቤቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የማኅበሩ አለቃና ጎረቤቱ መሪጌታ ወልደ ሰንበት መንገድ ላይ አስቆሙት።

“አንተ አንሙት፣ እህል ታሻግታለህ የሚሉት እውነት ነው?”

“አላሻግትም መሪጌታ፤ ሻጋታ አረባለሁ።”

“ሰው በግ ያረባል!”

“በግ ፌንጣ ይገድልልዎታል እንዴ?”

“ስማ፣ እኛ እህል ሲወድቅ ስመን የምናነሣ ሰዎች ነን። ከዚህ እጅ ማን ይጎርሳል? ጽዋው ይለፈው እያሉ ነው አባላቱ።” መሪጌታ ሁለት ፍች ያለው ኅብረ ቃል ካገኙ አይለቁም። “ስምህስ ቢሆን! ፌንጣው ሊማጠንህ ሲሻ ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ አንሙት! አንሙት! ይበል እንጂ።” ብለው በራሳቸው ቅኔ ራሳቸው ሳቁ።

በዚያ ሰፈር ጽዋ ያለፈው ሰው ቢሞት እንኳ ለቀስተኛው ከአጥር ውጭ ቆሞ ይመለሳል። አንሙት ይህን ያውቃል። የመንደሩን ጎመን ፌንጣ እያራቆተው ነበርና፣ “ፌንጣውን ገድዬ አሳያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ተንበርክከው ይመጣሉ!” ብሎ ማለ። ከጣቢያው እርሾ አመጣ፣ ገብስ ቀቀለ፣ ላስቲኮቹን ከአልጋ ሥር ደረደረ። ለሚስቱ ለሥራነሽ ግን አንድ ቃል አልነገራትም። ሊቅ ለሚስቱ ያስረዳል ተብሎ የት ተጽፏል? ወዲያው ጣቢያው ለማሳ ሥራ ወደ አምበር ላከው።

ሥራነሽ ሽታውን ተከትላ ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብትል፣ ገብሱ አረንጓዴ ለብሶ ተኝቷል።

“ወይ ጉዴ! ማኅበርተኛው ይህን ቢያይ!”

ገብሱን አሽታ አሽታ አጠበችው። እጣቢውን የጓሮው ጎመን ላይ ደፋችው፣ ገብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ሲደርቅ አሻሮ አድርጋ ቆልታ ለድግሱ ጠላ ጠነሰሰችበት። እህል አይጣል ነገር!

አንሙት ከአምበር ሲመለስ ማኅበርተኛው በሙሉ አጥሩን ከቦታል። ጎመኑ ላይ ፌንጣው ቅጠል እንደ ጨበጠ ደርቋል፣ ገላውም አረንጓዴ ካባ ለብሷል። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል።

“ሰማዕቱ ለዘንዶ የሰበቀውን ጦር ለፌንጣ አዋለው! ጽዋው ሊገባ ሲል ደጁን አጸዳለት። አንሙት፣ በሐሜት በድለንሃል፤ ሁላችንም እንመጣለን።”

አንሙት አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቀን መጣች።

“ይሄማ የእኔ ሻ…”

ሥራነሽ እግሩን ረገጠችው። ማኅበርተኛው ጆሮውን አቀና። አንሙት አንድ ጊዜ የሞቱትን ፌንጦች፣ አንድ ጊዜ በሕይወት ያሉትን ጎረቤቶቹን አየ።

“የእኔ ሻ… ሻማ ነው። ለጊዮርጊስ የተሳልኩት ሻማ።”

ጉረኛው አንሙት፣ ያለ ምስክር ሲጎርር የኖረው ሰው፣ መንደር ሙሉ ምስክር ባገኘ ቀን ድሉን ለሻማ ሰጠ።

በበዓሉ ቀን ቤቱ ጢም አለ። አንሙት ጠላ ሊቀዳ ጓዳ ሲገባ ሚስቱን በሹክሹክታ ጠየቃት።

“አንቺ፣ ገብሴስ የት ደረሰ?”

“የያዝከው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነዋ! ታጥቧል፣ ተቆልቷል። ምን ያስደነግጥሃል?”

ከሳሎን የመሪጌታ ድምፅ መጣ። “አንሙት! ድገመን እንጂ! ከዲማ ወዲህ እንዲህ ያለ ጠላ አልቀመስኩም። ገብሱ የየት አገር ነው?”

የጠጣ አንድም ሰው ሆዱን አላመመውም፤ መሪጌታ ግን ያን ገብስ እስከ ዛሬ ያፈላልጋሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። መንገድ ላይ አግኝተው ስለዚያ ጠላ ቢጠይቁህ፣ የገብሱን ነገር ትተህ የባለቤቱን ስም ብቻ ጥራላቸው፤ “አንሙት” በላቸው። ቅኔ አዋቂ ናቸውና ይገባቸዋል። ገብቷቸው “ሻ…” ማለት ከጀመሩ ግን፣ እባክህ፣ ቶሎ ብለህ “ሻማ ነው” በላቸው።