ሳሮንጉ ሲቀነስ

ከላይኛው የቅርንፉድ እርሻ የምትመጣዋ ሴትዮ ሥልጠናው ላይ ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ሳሮንግ የሚሉትን የማዘያ ጨርቅ፣ ቀለሙ የለቀቀውን፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትመጣለች፤ ልጅ አዝላ ግን አትታይም። የመንደሩን ሕፃናት የሚመዝኑ ሴቶችን የምታሠለጥነው አዋላጇ ዊራትኒ ስሟን እንኳ ጠይቃት አታውቅም።

ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ሕፃኑ በሳሮንግ ተጠቅልሎ ሚዛኑ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ የሳሮንጉ ክብደት ይቀነሳል። ሴትዮዋ ግን ምንም ቁጥር ቢሰጣት የምትሠራው ያንኑ አንድ ሒሳብ ነው፤ ከስድስት ነጥብ ሦስት ኪሎ ላይ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት።

«ነጥቡን ከነጥቡ ሥር አድርጊ አልኩሽ እኮ» አለቻት ዊራትኒ። «ዳክዬ እንኳ ተሰልፋ ትሄዳለች። አንቺ የምትመዝኚው ሕፃን ወዮለት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሴትዮዋም አፏን በሳሮንጉ ጫፍ ሸፍና አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ከሦስቱ ጎን ዜሮ ጨምራ፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ ቀስ ብላ ቀነሰች።

«አምስት ነጥብ ስምንት አምስት። ሲስተር፣ የስምንት ወር ልጅ በዚህ ክብደት ሐኪም ቤት ይላካል?»

«ከስድስት በታች ከሆነማ በዚያው ቀን ነው የሚላከው። ይሄም ይጠየቃል?»

ሴትዮዋ ከጉያዋ የታጠፈ የሕፃን ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ስምንት ወር፤ 6.3፤ ደህና ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ወራት ምንም አልተጻፈም። ዊራትኒ የገዛ እጅ ጽሑፏን አላጣችውም።

ሴትዮዋ ሳሮንጉን ከአንገቷ ፈትታ ባዶውን ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። መርፌው ዜሮ ነጥብ አራት አምስት ላይ ቆመ።