ጋሼ የለቀቁት ዓሣ

ባለፈው ክረምት ያረፉትን አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ኖርዝ ሜልቦርን ባለው አፓርታማቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በጋው ሊያልቅ ሲል ግን በየቅዳሜው ማለዳ ይደውሉና «ተነሳ፣ ዛሬ ይይዛል» ይሉኛል፤ እኔም ከምኖርበት ሰፈር ከትሩጋኒና መጥቼ አነሳቸዋለሁ።

ከከተማ ርቀን ነድተን፣ ውሃው ድፍርስ ካለ ሐይቅ ዳር እንቆማለን። የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ መሪ ኮድ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ነው። መንጠቆውን ይወረውራሉ፣ ክሩን ይጠቀልላሉ፣ ደግመው ይወረውራሉ። ስንት በጋ ባዶ እጃችንን ተመለስን!

አንድ ቅዳሜ ግን ያዘ። የመንጠቆው ዘንግ ሲጎብጥ መረቡን ይዤ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው መንጠቆውን በቀስታ አወጡለትና ለቀቁት።

«ጋሼ! ምን ነካዎት? ይህን ሁሉ ዓመት ሲፈልጉት ኖረው?»

እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ፣ «ከወሰድኩትማ የሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ብዬ እቀሰቅስሃለሁ?» አሉኝ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር ሳያወሩ እንደሚያሳልፉ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ክሩ በኃይል ተሳበ። ወደ ጎን ዞሬ፣ «ጋሼ፣ ያዘ! መረቡን ያቀብሉኝ!» ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ያሉ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። ዓሣው ክሩን በጥሶ እስኪሄድ ድረስ፣ ዘንጉን እንደያዝኩ ወደ ባዶው ቦታ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።